የሻለቃ ሚስቶች

አማቴ ሦስተኛዋን ሙሽራ በካርቶን አድርገው የገቡ ዕለት በሩን ከፈትኩላቸውና ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። ምን ልበል? እንኳን ደስ ያለዎት ልበል? ሙሽራዋ በጭብጥ የምትያዝ ወፍ ናት። ሙሽራው ሻለቃ ደግሞ ከሳሎናችን መስኮት ሥር፣ በሽቦ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ዘሩን እየፈለፈለ ይጠብቃታል። ከዚህች በፊት ሁለት ሚስት አግብቷል፤ ሁለቱንም አማቴ መካን ናቸው ብለው አስፈትተውታል። እኔ ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት ቆሜ ለማያይ ሰው ዓይን ስገጥም እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ የወፍ ሠርግ ይቆየኛል።

"ይቺኛዋ አታሳፍረኝም" አሉ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ። "ዳሌዋን ብቻ እዪ።"

ወፍ ዳሌ እንዳላት የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

አማቴን ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዋላጅ ነበሩ። በእኛ መንገድ ከሚመላለሰው ሰው ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው ብል ብዙም አላጋነንኩ። አብሯቸው ገበያ መውጣት ቀልድ አይደለም። ጢሙ ደረቱን ሊነካ ትንሽ የቀረው የጭነት መኪና ሹፌር መንገድ መሃል አቁሞ ሊስማቸው ይወርዳል። እሳቸውም ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋውን ሁሉ ከቁብ ሳይቆጥሩ፣ "አንተ በእግርህ የመጣኸው አይደለህ? እናትህን እኮ አንገላተሃታል" ይሉታል። ሰውየው በዚያ ዕድሜው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። እኔ ደግሞ ድንችና ሽንኩርቱን ተሸክሜ ስለማላውቀው ሰው አወላለድ እሰማለሁ።

እጃቸውን ግን አልክድም። ምጥ የያዛት ሴት የእሳቸው እጅ ሲነካት ትረጋጋለች ይባላል፤ ብዙዎች ነግረውኛል። ሆድ ዳብሰው ወንድ ነው ወይም ሴት ናት ይሉ ነበር። ፅንስ የሚያሳየው መሣሪያ ከመጣ በኋላ እንኳ እናቶቹ መሣሪያውን ትተው እሳቸውን ይጠይቁ ነበር አሉ። አንድም ቀን እንዳልሳቱ ራሳቸው ይናገራሉ። የሳቱትን ማን ቆጥሮባቸው?

ባላቸው ካረፉ በኋላ አንድ ልጃቸው ዘንድ መጡ፤ አንድ ልጃቸው ማለት የእኔ ባል ነው። ገብተው ሳይቆዩ ወጥ ቤቴን ማዋለጃ ክፍል አደረጉት። ቢላዎቹ ይቀቀላሉ። ዳቦ ለመቁረጥ እጅ እስከ ክርን ይታጠባል። እኔ ያጠፍኩት ፎጣ እንደገና ይታጠፋል። ሆዷ የገፋ ሴት በመንገዱ ስታልፍ ካዩ በመስኮት ብቅ ብለው በግራ ጎኗ እንድትተኛ ይመክሯታል፤ አንዳንዷም ነፍሰ ጡር ሳትሆን ወፍራም ብቻ ሆና ትገኝና ነገር ይመጣል። ይሄም አልበቃ ብሏቸው ሥራ መፍታት ያሳምማል አሉና ወፍ ለማራባት ተነሱ።

ወፎቹ የተገዙ ዕለት የሽቦ ቤቱን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነጋዴው ያላቸውን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፊንች ይባላሉ፤ ቡናማ ሆነው ነጭ ጣል ጣል ያለባቸው ትንንሽ ወፎች ናቸው። ከፊንች ወገን ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀለም ያለበት፣ ከሩቅ የሚለይ ዓይነትም አለ። የእኛዎቹ ግን ወንድና ሴታቸው በመልክ አይለይም። ወንዱ የሚታወቀው በዘፈኑ ብቻ ነው፤ ላባውን ነፍቶ፣ እንጨቱ ላይ ዘለል ዘለል እያለ ያዜማል። ሴቷ አትዘፍንም። ነጋዴው ለየብቻቸው አስቀምጠው ጥቂት ቀን ያድምጧቸው ሲላቸው አማቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ልጄ፣ እኔ ያን ሁሉ ሕፃን ስቀበል አንዱንም ዝፈንልኝ ብዬው አላውቅም" አሉት።

እሳቸው እጃቸውን በትንሿ በር አስገብተው አንዱን ወፍ ያዙ፣ ጭንቅላቱን አገላብጠው አዩና መለሱት። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቆመው ተመለከቱ። ደረቱን የነፋው፣ ሌሎቹን ገፍቶ ቀድሞ የሚበላው፣ በልቶም ጥግ ይዞ የሚቀመጠው ወንድ ነው ብለው ወሰኑ። ስለ ወንድ ያላቸው እውቀት ይሄ ከሆነ እኔ አልከራከርም። ሻለቃ የሚለውን ስም እዚያው አወጡለት። ጭምት የመሰለቻቸውን አንዷን ደግሞ ሚስት ትሁነው ብለው መረጡለት፤ ሳሎኔም የትዳር ቤት ሆነ።

ፍቅራቸውን አላጣጥልም። ሻለቃና የመጀመሪያዋ ሚስቱ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ያድራሉ፣ አንዱ የሌላውን አንገት በምንቃሩ ይለቅማል። አማቴ ደረቅ ሣር መርጠው ያቀርቡላቸዋል፣ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው ወቅጠው ለአጥንቷ ይላሉ። ለእኔ አጥንት ተጨንቀው አያውቁም። ብዙም ሳይቆይ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ዘጠኝ እንቁላሎች ጎጆው ውስጥ ተገኙ። ዘጠኝ ለዚህ ዓይነት ወፍ ብዙ ነው፤ አማቴ ግን የሻለቃ ጉብዝና ነው ብለው ሰፈሩን አዳረሱት። ሻለቃም ተራውን ጠብቆ ሲታቀፍ ባዩት ጊዜ ባሌን ጠርተው፣ አባት ማለት እንዲህ ነው ብለው አሳዩት። እኔ በአጠገባቸው ፎጣ እያጠፍኩ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አንስተው በእጅ ባትሪ ብርሃን አዩአቸው። ሕይወት ያለው እንቁላል በብርሃን ሲታይ ቀጫጭን ቀይ ሥር ይታይበታል። የእኛዎቹ ጥርት ያለ ቢጫ ነበሩ፤ ምንም የለባቸውም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብለው መለሷቸው። እነዚያ እንቁላሎች ግን የሚሄዱበት እግር አልነበራቸውም። ሰነበቱና ተጣሉ።

ከዚያ ወዲህ አግቦ ተጀመረ። የምትጎበኛቸው ሴት ሁሉ ከሽቦ ቤቱ ፊት ትቀመጣለች፤ አማቴም ሻይ እየቀዱ፣ ወንዱ ምን በወጣው፣ ዘር የሚበላሸው ከሴቷ ነው፣ ደግ ናት ብሎ ዝም ማለትም ለማንም አይበጅ ይላሉ። ስለ ወፏ ነው የሚያወሩት። ወፏን ግን አያዩም። እኔና ባሌ ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖናል፣ ልጅ አልወለድንም። ይህንን ሰፈሩ ያውቃል፤ ሻይ ጠጪዋም ታውቃለች። እኔም ስኳር አቀርባለሁ።

አንድ ቀን ግን አላስቻለኝም። "እማማ፣ ሻለቃ ዘፍኖ ያውቃል?" አልኳቸው።

"ቁም ነገረኛ ወንድ አይዘፍንም" አሉኝ።

እኔ የማውቀውን እሳቸው አያውቁም ነበርና ይህ ሁሉ ሆነ። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ደሜ ታይቷል፣ ማህፀኔ ታይቷል፣ እንደገናም ታይቷል፤ ምንም የለብሽም፣ ባለቤትሽ ይምጣ ተብያለሁ። ባለቤቴ ቀያሽ ነው። የሰው መሬት ሲለካ ጣት ታህል አይሳሳትም፤ የራሱ ጉዳይ ላይ ሲደርስ የሚቀጥለው ሳምንት ይላል። የሚቀጥለው ሳምንት እየተባለ ዓመት አለፈ። ይባስ ብሎ እናቱ በጠየቁት ጊዜ ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነኝ ብሏቸዋል። እንዳላጋልጠው ለመነኝ። ለክብሩ ብዬ ዝም አልኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

የመጀመሪያዋ ሚስት ተባረረችና ፊት ለፊታችን ላለው ልብስ ሰፊ ተሰጠች። እሱም ከስፌት መኪናው በላይ የሰቀለው፣ ከዚያው ዓይነት አንድ ወፍ ነበረው፤ ጠዋት ማታ የሚዘፍን፣ መንገደኛ የሚያቆም። ለሻለቃ ሁለተኛ ሚስት መጣች። ያው ፍቅር፣ ያው ብዙ እንቁላል፣ ያው ባዶ። ይህ በሆነ ሰሞን ጉርድ ቀሚስ ላሳጥር ልብስ ሰፊው ጋ ገባሁና፣ ቀና ብዬ ጎጆውን እንዳይ ጠቆመኝ። አራት ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። የእኛዋ መካን በላያቸው ቆማ ታጎርሳቸዋለች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊው ምን እንደነካኝ አልገባውም፤ ከወንበሩ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቁን ጠርጎ ቁጭ በይ አለኝ።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። እሱ ቤት ፀሐይ ይገባል፣ አየር ለውጣ ነው አሉ። ሁለተኛዋንም አባረሩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ ነበር ድሮ፤ እኛ ቤት ግን ዳዋው በየተራ ነው የሚመታው። ስለዚህ ሦስተኛዋ ዳሌ አላት የተባለችው መጣች። ለእሷም እንቁላሎቹ በባትሪ ታዩ፤ ባዶ ናቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤት ልብስ እያጠፍኩ አማቴ ባሌን ሳሎን ቁጭ አድርገው ሲያወሩት በግድግዳው ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ የእሳቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ለሌላ ሰው ጩኸት ነው። "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት" አሉት። "ግን አንተ ጤነኛ ነህ፣ ዕድሜህም አይጠብቅህም። አንድ ነገር መቁረጥ አለብህ።"

ጆሮዬን አቆምኩ። አሁን ይናገራል አልኩ። አሁን እማዬ ዋሽቼሻለሁ ይላል።

"እስቲ እናያለን እማዬ" አለ።

እናያለን! ማታውኑ በአጭሩ ነገርኩት፤ እስከ ቅዳሜ እውነቱን ለእናቱ ካልነገራቸው ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። እሺ አለ። እሺ ማለት የሚያቅተው ሰው አይደለም። ሐሙስ ስጠይቀው ጊዜ እየፈለገ እንደሆነ ነገረኝ። ዓርብ እናቱን ራስ ምታት ይዟቸዋል አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ውጭ ወጥቶ የመለኪያውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በሳሙና ያጥብ ጀመር። ለማጠብ የሚሆን ነገር አልነበረበትም። እኔም ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣዬን አውርጄ አልጋው ላይ ከፈትኩና ልብሴን መደርደር ጀመርኩ።

በዚህ መሃል አማቴ ከሳሎን ተጣሩ። እንደወትሮው አይደለም፤ ድምፃቸው አጭር ነበር። ሄድኩ። ሻለቃ ከሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ላባውን ነፍቶ ኩርምት ብሏል። ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል፣ ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። አማቴ ብርድ መትቶታል፣ መስኮቱን ያልዘጋሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አስገብተው አወጡት፤ መዳፋቸው ላይ አስተኝተው በአውራ ጣታቸው ከደረቱ ወደ ሆዱ ቀስ ብለው ወረዱ።

አውራ ጣታቸው ቆመ። ፊታቸው ተለወጠ። አብሬያቸው ስኖር ያን ፊት አይቼው አላውቅም፤ ሆስፒታል ትተውት የመጡት ፊት መሆን አለበት።

"ምጥ ነው" አሉ።

"የማን?" አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነበር።

ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ ፎጣ፣ ዘይት ብለው አዘዙኝ፤ እኔም ሮጥኩ። ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልዬ አመጣሁ፣ ወፏን በሙቀቱ ላይ አስደገፏት። በጥጥ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት እንቁላሉ በሚወጣበት በኩል ቀቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ "አይዞሽ። አይዞሽ እናቴ። ቀስ ብለሽ፣ እኔ አለሁ" ይሉ ጀመር። አይዞሽ ነበር ያሉት። እጃቸው ያወቀውን ጭንቅላታቸው ገና አልሰማም። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ትንሽ ነጭ እንቁላል መዳፋቸው ላይ ዱብ አለ።

ሻለቃ አንገቷን ቀና አድርጋ ዓይኗን ገለጠች።

ልስቅ ፈለግሁ። ሳቁ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አማቴን ሳይ ግን ተመለሰ። እንቁላሉን ይዘው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለቱም ሴቶች ስለሆኑ ነው ጎጆው እንዲያ በእንቁላል የሚሞላው፣ ሁለቱም ይጥሉ ነበር አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የሚያወሩት። ያባረሯቸውን ሁለቱን አንድ በአንድ አነሱ። ከዚያ ቀና ሲሉ በተከፈተው የመኝታ ቤት በር አልጋው ላይ ያለውን ሻንጣ አዩ።

"የት ልትሄጂ ነው?" አሉኝ።

"እናቴ ቤት።"

"ሐኪሙ አንቺን ምን አለሽ?"

"ምንም የለብሽም አለኝ።"

"እሱም ምንም የለብህም ተብሏል" አሉ፤ እያሉ ግን ያዩኝ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። አማቴ ስንት ሴት ዝም ስትል አይተው፣ ዝምታው ምን እንደሆነ የለዩ ሰው ናቸው። ወፏን ወደ ሙቀቱ መለሷት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ልጃቸውን ጠሩት።

ባሌ እጁ ላይ ሳሙና እንዳለ ገባ። የተመረመርክበትን ቀን ንገረኝ አሉት። እኔን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እንቁላል አየ፣ ወለሉን አየ።

"አልተመረመርኩም እማዬ" አለ።

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። "ጫማህን አድርግ" ብቻ አሉት። ሊከራከር ቃጣውና ተወው። እጁን እንኳ ሳያለቀልቅ እናቱን ተከትሎ ወጣ፤ ክሊኒኩ ደግሞ አማቴን የማያውቅ ሰው የለበትም፣ ወረፋ አያስጠብቋቸውም። እኔ ሻንጣዬን ሳልዘጋው፣ ሳላፈርሰውም፣ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና ሳጥብ ዋልኩ።

ውጤቱን ለመስማት አንድ ጊዜ መሄድ አልበቃም፣ ጥቂት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ቤታችን ውስጥ ሰው የሚያወራው ስለ ጨውና ስለ ስኳር ብቻ ነበር። ሻንጣው ካልጋው ወርዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆየ። መጨረሻውን ሊሰሙ ሁለቱ ሄደው ተመለሱ፤ ባሌ በአጠገቤ አልፎ መኝታ ቤት ገባ፣ አማቴ ወጥ ቤት መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጃቸውን አልታጠቡም።

"ከእሱ በኩል ነው" አሉ። "ሕክምና አለው ብለዋል። መሆን አለመሆኑን ግን ማንም አልማለልኝም።" ቀጥለውም፣ "ያን ሁሉ ጊዜ አንቺን..." ብለው አልጨረሱትም። አማቴ የጀመሩትን ንግግር ሳይጨርሱ ሲቀሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ምንም አልነበረበትም። "ሻንጣሽ እንደተዘጋጀ ነው። ወጣት ነሽ። ብትሄጂ አልቀየምሽም። እስከ መንገድ እኔ እይዝልሻለሁ።"

ይህን ቀን ለዓመታት ጠብቄዋለሁ። ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ቀና ብዬ እሄዳለሁ፣ ሻይ ጠጪዎቹን አንድ በአንድ በስም እየጠራሁ እናገራቸዋለሁ ብዬ ነበር። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። ይሄን ያህል ተናድጄ አላውቅም።

"እማማ፣ ሲያባርሩኝ ያልሄድኩትን ሲሸኙኝ ልሂድ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ያን ሁሉ ሰው የተቀበሉት ሴት በወጥ ቤቴ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ውሃ ቀድቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩና ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ።

ባሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሻንጣውን ያይ ነበር። ከፊቱ ቆምኩ፤ ስንት ዓመት በእኔ ሲመካኝ ሰምቶ ዝም ያለው ለምን እንደሆነ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

"ፈርቼ ነው" አለ።

"ምኑን?"

"ካወቅሽ ትሄጃለሽ ብዬ።"

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያቅፈው ነበር። እኔ ቆሜ አየሁት። ይሄው ነው ምክንያቱ፤ እንዳልሄድበት ብሎ በየቀኑ የምሄድበትን ምክንያት ሲያበረክትልኝ ኖሯል። ሻንጣውን በእግሬ ወደ ጥግ ገፋሁት።

"ጫማህን አውልቅ" አልኩት። "አንሶላው ትናንት ነው የታጠበው።"